ለግማሽ ክፍያ የተጠመቅኩት እኔ ነኝ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ዛሬ እግዚአብሔር በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ፈልጌ ነው የወጣሁት። ፓስተራችን "ከአሥር ደቂቃ እንዳታልፍ" ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። መናገር ሥራዬ አይደለም። ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ የአንዳንዶቻችሁን መታጠቢያ ቤት ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ታምራት እባላለሁ። ባለቤቴ ትዕግሥት ያቻትላችሁ፣ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ተቀምጣለች። አሁን የምናገረውን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ባልነግራት ኖሮ ይህን ማይክ አልይዝም ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት እዚሁ ቆሜ "ኢየሱስን የግል አዳኜ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ" ብያችሁ ነበር። እልል አላችሁ። አቀፋችሁኝ። ቅዱሳን፣ ያ ቃል ውሸት ነበር። እኔ የተጠመቅኩት ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ቅናሽ እንዲደረግልኝ ብዬ ነው።

አውቃለሁ፣ ደስ አይልም። ግን ጨርሼ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ብስራተ ገብርኤል ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ጾሟን የማትሽር፣ ጸሎቷን የማታስታጉል ሴት፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት። እኔ ግን ከክርስትና ስሜ በቀር ምንም አልነበረኝም። ትዕግሥትን ጀሞ አካባቢ ጨርቅ ስትሸጥ ነው የተዋወቅኳት። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ከልጅነቷ በጌታ ቤት ያደገች። እኔን ስታገባ ቤተሰቦቿ በጣም አዝነው ነበር። ለእኔ ስትጸልይ ስንት ዓመት እንደሰማኋት! ተንበርክካ "ታምራትን፣ ጌታ ሆይ፣ ታምራትን" ስትል ቲቪውን ድምፅ ጨመር አደርግ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ትልቋ ልጃችን ሶስና እዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ከኬጂ ነው የጀመረችው። ከዚያ ናቲ ተወለደ፣ እሱም ለኬጂ ደረሰ። የሁለት ልጅ ክፍያ ከበደን። አንድ ቀን ልከፍል ሄጄ መስኮቱ ጋ ስነጫነጭ ተቀባይዋ ልጅ አዘነችልኝና "ጋሼ፣ እርስዎም አባል ቢሆኑ እኮ ለሁለቱም ግማሽ ነው የሚከፍሉት። ደንቡ እናትም አባትም አባል ይሁኑ ነው የሚለው" አለችኝ።

እሷ መልካም ነገር ነው የነገረችኝ። ክፉው የእኔ ልብ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ትዕግሥትን ተከትዬ መጣሁ። በወሩ የጥምቀት ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ጋሽ ሉቃስ ነበሩ። ለማታውቋቸው፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ከክፍላችን ጥቅስ በቃሉ በመያዝ የሚያህለኝ አልነበረም! ጋሽ ሉቃስ "ታምራትን እዩት" እያሉ ሌሎቹን በእኔ ይገሥጹ ነበር።

ልጠመቅ ሳምንት ሲቀረኝ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝና "ልጄ፣ አምነህ ከሆነ እግዜር ይከተልህ። ለሌላ ነገር ከሆነ ግን በእግዜር አትቀልድ" አለችኝ። "አምኜ ነው" አልኳት። ለእናቴም ዋሸሁ።

ተጠመቅኩ። ከውሃው ስወጣ ትዕግሥት ፎጣ ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር። ፊቴን ይዛ "አየህ፣ አንተም አለቀስክ" አለችኝ። ፎጣውን ተቀብዬ ፊቴን ጠረግኩ። በመስከረም ቅናሹ ተፈቀደልን።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እሁድ አልቀረሁም። አስተናጋጅም ሆንኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አስተናጋጅ በር ላይ ይቆማል፣ ስብከት ሲበዛ ወጣ ብሎ መኪና ያስተካክላል። ስንቶቻችሁን ፈገግ ብዬ "ተባረኩ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ" እያልኩ አስቀምጬ እኔ ውጪ ስልኬን እነካካ ነበር! ጌታ ግን ታገሠኝ፣ ስሙ ይባረክ! ሌላ ማን ይታገሠኛል?

ባለፈው ግንቦት ልጆቹ ደብዳቤ ይዘው መጡ። የትምህርት ቤቱ ኪራይ ጨምሯል፣ መምህራን በደመወዝ ማነስ እየለቀቁ ነው፣ ስለዚህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ የአባላት ልጆች ቅናሽ ከግማሽ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል ይላል። የብዙዎቻችሁ ቤት ገብቷል ያ ደብዳቤ። ትዕግሥት ሁለት ጊዜ አነበበችውና አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ግን ጮህኩ።

የወላጆች ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ነበር? እኔ! "እኛ የዚህ ቤት ልጆች አይደለንም ወይ? ልጆቻችንን ወዴት ልትጥሏቸው ነው?" ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ርዕሰ መምህሯ እህት ማርታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወንድም ታምራት፣ የእኔም ልጅ እዚሁ ነው የሚማረው። ሌላ መንገድ አጥተን ነው" አሉኝ። ለሳቸውም አልራራሁም። እህት ማርታ፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ቀረሁ። ለትዕግሥት "ሥራ አለ" አልኳት። በሁለተኛውም ሥራ አለ አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራ አልነበረም። ለቡ መብራት ኃይል አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶ እጠጣ ነበር። ቅናሹ ቀረ፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ አልኩ። የገረመኝ ግን ምን መሰላችሁ? አላረፍኩም። አራት ሰዓት ሲሆን መዝሙሩ እዚያ ተቀምጬ በጆሮዬ ይመጣብኛል። አሁን አስተናጋጅ በር ላይ ማን ቆሞ ይሆን እላለሁ። በራሴ ተናደድኩ። ሒሳብ ከፍዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ጋሽ ሉቃስ የምሠራበት ሕንፃ ድረስ መጡ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት ገና አልገባም። በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው፣ እየተነፈሱ የሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

"ታመህ ነው ብዬ" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ ደህና ነኝ።"

"በትምህርት ቤቱ ነገር ከተቀየምክ እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ እኔን ስደበኝ። ከጉባኤ ግን አትቅር።"

ያን ጊዜ ምን እንደገፋኝ አላውቅም። አሁን ግን አውቃለሁ፣ መንፈስ ቅዱስ ነው! እጄ በሲሚንቶ እንደተለወሰ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ድሮም አላመንኩም። ለልጆቹ ክፍያ ብዬ ነው የተጠመቅኩት" አልኳቸው።

ጋሽ ሉቃስ "አውቅ ነበር" የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ብዙ ያውቃል ይባላል አይደል? አያውቁም ነበር። ደነገጡ። "ያን ሁሉ ጥቅስ?" አሉኝ።

"አጥንቼ ነው ጋሼ።"

"ትዕግሥት ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ። "እንግዲያው እኔ ጋ ምን አመጣህ? መጀመሪያ ለሚስትህ ንገር" ብለውኝ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። አልጸለዩልኝም። ባለመጸለያቸው ጥሩ አደረጉ፤ ቢጸልዩልኝ አሜን ብዬ እገላገል ነበር።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስገባ ለትዕግሥት ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "ከውሃው ስትወጣ ያለቀስከው?" አለችኝ።

"ውሃው ነበር" አልኳት።

ወገኖቼ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያጣጠፈችውን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ዘጠኝ ቀን ከ"ራት ቀርቧል" እና ከልጆቹ ትምህርት ጉዳይ በቀር አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። ጸሎቴ ተሰማ ብላ አራት ዓመት ያመሰገነች ሴት ናት።

በመካከሉ የልጆቹ ነገር መወሰን ነበረበት። ሁለቱንም ማስተማር አንችልም። ናቲ ገና ሦስተኛ ክፍል የሚገባ ነው፣ ንባብ ይከብደዋል። ስለዚህ እሱ ይቆይ፣ ሶስና ሰባተኛን ሀና ማርያም ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ትጀምር ተባባልን። የነገርኳት እኔ ነኝ። "ለምን እኔ? ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው!" ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "አንተ ከቤተ ክርስቲያን ብትቀርም ባትቀርም ግድ የለህም፣ እኔ ግን ትምህርት ቤቴን እወደዋለሁ" አለችኝ። ለካስ ልጅ ሁሉን ያያል።

በማግስቱ መልቀቂያዋን ከእህት ማርታ ቢሮ ተቀብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ያን ቀን አንድ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ልጸልይ ፈለግኩ። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ሰው ያስተማረኝ ነው፣ አፌ ላይ እየመጣ አልወጣ አለኝ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ፦ "ጌታ ሆይ፣ አሁን ቅናሽ የለም። ልጄም ተቀይማኛለች፣ ሚስቴም አታናግረኝም። ከአንተ የማገኘው ምንም ነገር የለም። ግን ካለህ፣ እኔ አንተን እፈልጋለሁ።"

ይኸው ነው። ሰማይ አልተከፈተም፣ ድምፅ አልሰማሁም፣ አልወደቅኩም። ግን አለቀስኩ፤ ያ ውሃ አልነበረም። ሃሌ ሉያ! ተነሥቼ የቀረውን ሴራሚክ አነጠፍኩ። እሁድ መጣሁ። ባጁን ለአስተናጋጆች ኃላፊ መልሼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ስብከት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ለትዕግሥት ስነግራት "አሁንስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

"አታውቂም" አልኳት።

"እንግዲያው እናያለን" አለች። እስከ ዛሬ እያየች ነው። ጌታ ይባርካት፣ ጥሩ እያየች ነው!

ለእናቴም ሄጄ ነገርኳት። "ያን ጊዜም ዓይንህ አላማረኝም ነበር" አለችኝ። አሁን ግን አምኜ ነው ስላት በመንገዴ ደስ አላላትም፤ እውነት በመናገሬ ግን ሳመችኝ። አሁንም በበዓል እሄዳለሁ፣ እሷም ለእኔ ትጸልያለች።

አሁን ልጆቻችሁን ያዛወራችሁ ቤተሰቦች ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አዳራሽ ማስጠናት ጀምራችሁ የለ? ያን ያሰቡት ትዕግሥትና ሌሎች እናቶች ናቸው። ሒሳብ የሚያስጠኑት ጋሽ ሉቃስ ናቸው። እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ ወንበር እደረድራለሁ። የሄዱትም የቀሩትም ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። የሶስና አዲስ ትምህርት ቤት ክፍሉ ይጠባል፣ መጽሐፍ ለሁለት ነው የሚይዙት፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እዚያ ሜላት የምትባል ጓደኛ አግኝታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛት ትመጣለች።

ባለፈው ወር ሶስና ጠዋት ስሸኛት መንገድ ላይ ቆም አለችና "አባዬ፣ አሁን የምርህን ነው የምትጸልየው?" አለችኝ።

"የምሬን ነው።"

"እንግዲያው ዛሬ የሒሳብ ፈተና አለብኝ፣ ጸልይልኝ" አለችኝ። እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ታክሲ ረዳቱ "ጀሞ! ጀሞ!" እያለ ሲጮህ ጭንቅላቷ ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩላት። ከመቶ ሥልሳ ሁለት አመጣች። ጋሽ ሉቃስ "ይሻሻላል" ብለዋል። እኔ ግን ጌታን የማመሰግነው ስለ ሥልሳ ሁለቱ አይደለም፤ ልጄ ጸልይልኝ ስላለችኝ ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጥምቀቴን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ እየተነጋገሩበት ነው፣ የሚሉኝን እቀበላለሁ። ጋሽ ሉቃስ፣ ይቅር ስላሉኝ ተባረኩ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ምናልባት ዛሬ እዚህ የመጣኸው ለሚስትህ ስትል ይሆናል። አንቺ ደግሞ ቤተሰብ እንዳይቀየም ብለሽ፣ ወይም ለቅሶ የሚደርስልኝ ሰው እንዳላጣ ብለሽ ይሆናል። በመጣችሁበት አልፈርድባችሁም፤ ለመፍረድ እኔ የመጨረሻው ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለጌታ እውነቱን ንገሩት። እኔ እውነቱን ስነግረው አላባረረኝም፣ እናንተንም አያባርርም። አሁን መድረኩ ፊት መምጣት ለሚፈልግ እኔም ወርጄ አብሬው እንበረከካለሁ። ኑ።