ካርታ የላሱት ዳኛ

ስኳር ከቦንጋ የጠፋበት ሰሞን ነው። ባለሱቁን ጋሽ ታደለን ስንጠይቃቸው «እኔም ቤት ሻይ በጨው ነው» ይሉን ነበር።

ያን ሰሞን ሰፈራችን የካርታ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ሙክት፣ ዳኛዋ ጠጅ ጣይዋ እትዬ አስካለ። እኔ መቼም እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም፤ ከፊት ተቀመጥኩ።

ለመጨረሻው ዙር ጋሽ ታደለና የማንኪራ ቀበሌው ንብ አናቢ ጋሽ ወልዴ ቀረቡ። ጋሽ ታደለ ሻያቸውን አስቀምጠው ካርታውን በወዙ። ጋሽ ወልዴ አንድ ሲስቡ ሁለት ተጣብቆ መጣ።

«ማር ቀብተው ነው፤ ይባረሩልኝ» አሉ ጋሽ ታደለ።

ሰዉም «ይባረሩ» እያለ ተንጫጫ። ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ጠቆረ።

«አጭበርባሪ ከተባልኩ ማሬን ማን ይገዛኛል፣ እትዬ?»

እትዬ አስካለ ካርታውን ተቀብለው በምላሳቸው ነካ አደረጉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት። ዕድሜዬን ሙሉ ዳኛ ሲፈርድ አይቻለሁ፣ እንደሳቸው ያለ ግን አላየሁም።

«ማር አይደለም፣ ስኳር ነው» አሉ። «የበወዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ታደለ። ሻይ በጨው ነው ብለውን አልነበር?»

ጋሽ ወልዴ የተፈረደላቸውን ሙክት እየጎተቱ ሲሄዱ የሸኛቸው ሰው የለም። ሁላችንም ጋሽ ታደለ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈን ነበር።