በእሷ ስም የተመዘገበው ጣት

አንድ መንገደኛ ጠዋት ወደ ሥራው ሲያልፍ ነው ያየው። በልብስ እጥበት ድርጅቱ በር ላይ ሽማግሌው ዘበኛ የአንዲትን ሴት እጅ በሁለት መዳፉ ይዞ አውራ ጣቷን ቫዝሊን ይቀባል፤ እፍ ይልበታል፤ በኮቱ ጫፍ ይጠርገዋል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ የአሻራ ማሽን ያስነካታል። ቀይ በራ። እንደገና እፍ አለበት። እንደገና ቀይ።

«ኧረ አባባ፣ ረፈደብን!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«የቸኮለ በአጥር ይዝለል» አለ ዘበኛው ዞር ሳይል።

መንገደኛው እንዲህ ያለ ሰው በር ላይ ያስቀመጠውን አምላክ በልቡ አመስግኖ አለፈ። ከዚያ ደግነት ሞት ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሴትዮዋ አጣቢ ናት። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ስታሽ ነው ዕድሜዋ የሄደው። በረኪናው የጣቷን መስመር ሁሉ በልቶ ጨርሶታል፤ የጣቷ ጫፍ እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ያለ ነው። ሟች እህቷ የተወችላትን ልጅ ታሳድጋለች፤ የሁለቱም ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ድሮ አለቃዋ ጠዋት ብቅ ብሎ «አለሽ?» ይላታል፤ «አለሁ» ትላለች፤ በቃ። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ግን ገንዳው ላይ ተጎንብሳ እያለች፣ ቢሮ ውስጥ ቀሪ ሆነች።

«ጌታዬ፣ ያጠብኩት አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታያል እኮ» አለችው የአስተዳደር ኃላፊውን።

«አንሶላው አሻራ አይሰጥም። ማሽን ለማንም አያዳላም። አሁንም ቀሪ ከሆንሽ መሰናበትሽ ነው።»

ዘበኛው ይህን ሲሰማ አጣቢዋን ይዞ የኮምፒውተር ባለሙያውን ደጅ ጠና። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ለአንድ ሠራተኛ ከአንድ በላይ ጣት ይቀበላል፤ በአጣቢዋ ስም አንድ ሌላ ጣት ለመጨመር ተስማማ።

«የማን ይሁን ታዲያ?»

ዘበኛው ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። «የእኔ ትሁና። ጆሮ ከመኮርኮር ሌላ ሥራ የላትም።»

ሦስቱም ሳቁ። አጣቢዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ የምለው፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች።

«ቀላል ነው እትዬ። መረጃ ከበር ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ያደራጀዋል፤ አለቆች ያዩታል፤ ባዩት ይወስናሉ።»

«የገባው ውሸት ከሆነስ?»

«ውሸቱንም አሳምሮ ያደራጅልሻል» አለ ባለሙያው፤ ዳግመኛ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ስትገባም ስትወጣም ዘበኛው ትንሿን ጣቱን ያስነካል፤ አረንጓዴ ይበራል። «ግቢ ልጄ» ይላታል። «ዕድሜ ይስጥህ አባቴ» ትለዋለች። ቀሪ መባሉ ቀረ።

አንድ ጠዋት የእህቷ ልጅ በትኩሳት ስትቃጠል አደረችና አጣቢዋ አዝላት ወደ ክሊኒክ ሮጠች። ለማንም አልተናገረችም። ዘበኛው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሰዓቱ ሊያልፍ ሆነ። መቼም ትመጣለች፣ ዘገየች ተብላ ከምትቀጣ ብሎ ትንሿን ጣቱን አስነካ። አረንጓዴ በራ። በኮምፒውተሩ ዘንድ አጣቢዋ ገባች።

ረፋዱ ላይ ከልብስ ማድረቂያው እሳት ተነሣ። ሠራተኛው ሁሉ እየተጋፋ ወደ ግቢው ወጣ። ኃላፊው ስልኩ ላይ ያለውን የገቡትን ዝርዝር ግቢው ውስጥ ከቆሙት ጋር አስተያየና፣ «አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል! አጣቢዋ!» ብሎ ጮኸ።

የልብስ ተኳሹ ከፊት ቆሞ ነበር። ሲተኩስ ስለሚውል «ወታደሩ» ይሉታል፤ በስሙ የሚጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። አንድ እርጥብ አንሶላ ራሱ ላይ ጣለ።

ዘበኛው አልገባችም ሊል አፉን ከፈተ። ኃላፊው አጠገቡ ነበር። እንዴት አወቅህ ሊለው ነው፤ የጣቱ ምስጢር ሊወጣ ነው፤ እሷም ልትባረር ነው። ደግሞ ሳላያት ገብታ ቢሆንስ? ምራቁን እስኪውጥ ድረስ ብቻ ዘገየ። ወታደሩ በዚያች ቅጽበት ጨርቄን ማቄን ሳይል ጭሱ ውስጥ ገብቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታ ወለምታስ በምን ይታሻል?

አጣቢዋ የሆነውን ሳትሰማ ልጅቷን አዝላ ስትመጣ ጣሪያው ወታደሩ ላይ ወድቋል። በሩ ላይ የወታደሩ ሚስት አየቻትና ሮጣ አቀፈቻት።

«ወጣሽልኝ እህቴ! አወጣሽ? እሱስ የታል?»

አጣቢዋ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግራ የወደቀውን ጣሪያ አየች።

ጉዳዩ ሲጣራ ኃላፊው፣ «ኮምፒውተሩ የተነገረውን ነው የተናገረው» አለ። እውነቱን ነው። ባለሙያው አንገቱን ደፋ፤ አለቆቹ የሚያቀርቡት ልጅ ነውና በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ዘበኛውና አጣቢዋ ተባረሩ። እሷ ዛሬ የሰው ቤት እየዞረች ታጥባለች፤ ልጅቷ ድናለች፤ ለዚህም ተመስገን ትላለች።

ዘበኛው ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ዘጋ። የጀርባ ጎረቤቱ ያ መንገደኛ ነው፤ ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው። ሌሊት የሽማግሌውን ሳል በግድግዳው ይሰማል። አጣቢዋ ከሥራ ስትመለስ ምግብ አምጥታ ደጁ ላይ ታኖራለች፤ በማግስቱ እንደተከደነ ታገኘዋለች። «አባቴ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሳሉ ይቋረጣል።

ትናንት ማታ የመንገደኛውን በር አንኳኳች። በነጠላዋ የጠቀለለችው ሰሐን ገና ይሞቃል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አመሸሁብህ። መጽሐፍ የምታነብ፣ የምትጸልይም ሰው ነህ አሉኝ።»

«ግቢ እንጂ፣ ግቢ።»

«አልገባም። አባባ ለእኔ አይከፍትም። ፊቴን ሲያይ ወታደሩ ነው የሚታየው መሰለኝ። ለአንተ ግን ይከፍት ይሆናል።» ሰሐኑን ዘረጋችለት። «እንዲህ ብላሃለች እንዳትለው። ስለ እሳቱም አታንሣበት። ብቻ ያልበላህ ምሰልና፣ አብረኸው ብላልኝ።»