እባካችሁ ውሃ ድፉ

እትዬ ደሳለች ቀጨኔ ተወልደው፣ ቀጨኔ ተድረው፣ እዚያው ባላቸውን ቀብረው፣ በስተርጅና የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው። ግራውንድ ላይ ደረሳቸውና ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እልል አሉ። ደስታው ግን ክረምቱን አልተሻገረም።

ሠፈሩ ከዋናው የፍሳሽ መስመር በታች ስለሆነ፣ የሕንፃዎቹ ቆሻሻ ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ ካልወጣ መሄጃ የለውም። የፓምፕ ጣቢያው ደግሞ በጅምር የቀረ ነው። ያለችው አንዲት ደካማ ፓምፕ መብራት ሲሄድ ትቆማለች፤ መብራት ሲመጣም እንደ ልቧ ናት። እሷ ስትቆም ከላይ የተደፋው ሁሉ በእትዬ ደሳለች መታጠቢያ ቤት ወለል ብቅ ይላል።

ሽታውን እንኳ ችለውት ነበር። ለሽሮ ሜዳ ሱቆች የሚቋጩትን ነጠላ አልጋ ላይ ወጥተው መቋጨትም ለምደዋል። ያልቻሉት የማኅበሩን ነገር ነው። የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው፤ ተራው በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ «ቄሱን እዚህ ሽታ ውስጥ አላስቀምጥም» ብለው ለሌላ ሰው አሳለፉ። ሰው ቤት እየበሉ የራስን በር መዝጋት ከጉልበታቸው በላይ አመማቸው። የዘንድሮው ተራ ሲቃረብ «አሁንም ካሳለፍኩ ከማኅበሩ እወጣለሁ» ብለው ማሉ፤ እትዬ ደሳለች ደግሞ ምለው አይመለሱም።

ደግነቱ ጣቢያውን የማሻሻሉ ሥራ እንደገና ተጀምሮ ነበር። ትልልቅ ፓምፖችና ጄኔሬተር ተተከሉ። የሙከራው ቀን ሲደርስ የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ትሕትና ነዋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃ እንዲለቅ አስነገረች፤ ፓምፖቹ ከባድ ፍሳሽ ሲገፉ ካላየች ሥራውን አታስረክብም።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ወደ ጣቢያው የመጣው ውሃ ግን የረባ አልነበረም።

«እትዬ፣ ሰው የለም እንዴ? በዚህ መሞከር አይቻልም። በቃ፣ ለሚቀጥለው ወር ማዛወራችን ነው» አለች ትሕትና፣ ሙከራውን ሊያዩ ጣቢያው ደጃፍ ለቆሙት እትዬ ደሳለች።

ለሚቀጥለው ወር ማለት ጽዋው አለፈ ማለት ነው። እትዬ ደሳለች ያንን ጉልበት እየጎተቱ ሦስተኛ ፎቅ ወጡና የጋሽ ፀሐዬን በር አንኳኩ። ሽማግሌው ሲከፍቱ ከኋላቸው ውሃ የሞላ ባልዲ ተደርድሯል።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ ልቀቁ አልተባለም?»

«ተብሏል። ግን አንቺ ቤት ቢገባስ? መብራት በሄደ ቁጥር እኮ ለአንቺ ብለን ሳህን እንኳ አናጥብም። ዛሬም ከሌሎቹ ሕንፃዎች ሰዎች ጋር ተነጋግረን ነው የያዝነው።»

እትዬ ደሳለች እንባቸው መጣ። እሳቸው እኮ «ከላይ ያለ ለታች አያስብም» እያሉ ይሄንኑ ሰው ሲያሙት ነው የከረሙት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው እውነት ነው፤ ደግነቱ ግን በማይሆን ሰዓት መጣ።

«ለእኔ ብላችሁ የያዛችሁት ውሃ ነው ጽዋዬን የሚያሳልፍብኝ። ከገባም እኔ ቤት ይግባ፤ እባካችሁ ድፉት።»

ጋሽ ፀሐዬ ደረጃው ላይ ወጥተው «ደሳለች ድፉ ብላለች» እያሉ ተጣሩ፤ ጥሪው ወደ ሌሎቹ ሕንፃዎችም ተሻገረ።

እትዬ ደሳለች ወርደው መወልወያቸውን ይዘው መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። የሕንፃው ውሃ በቧንቧው ውስጥ እየተንደረደረ መጣ። የወለሉ ማፍሰሻ እንደ ድሮው ጉርር ሲል «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። ከውጭ ፓምፖቹ አጓሩ። ጉርርታው ትንሽ ቆየና ወደ ታች ተመጠጠ፤ ወለሉ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

በሃያ ሰባት ማኅበርተኛው እትዬ ደሳለች ቤት ተሰበሰበ፤ የሕንፃውም ሰው ተጠራ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ዞሮ፣ ተበላ። ሰዉ እጁን ከታጠበ በኋላ ጋሽ ፀሐዬ እጣቢውን በሳፋ ይዘው፣ አሁንም ለቤቱ ሰግተው፣ ውጭ ሊደፉት ወደ በሩ አመሩ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ደሳለች። ሳፋውን ከእጃቸው ተቀበሉና ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ መታጠቢያ ቤታቸው ገብተው ደፉት።