ጠይቀው የሚቀርጹት ግሪካዊ

የያዙኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። መኪና ውስጥ አስገብተው እስር ቤት ወሰዱኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አሥር ሰዎች አየሁ። አንደኛው ነጭ ሽማግሌ ናቸው። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና በጠራ አማርኛ፣ «እዚህ ጋ ሲሚንቶው ብዙም አይቀዘቅዝም» አሉኝ።

ግሪካዊ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አባታቸው የባቡር መካኒክ ስለነበሩ የተወለዱት ድሬዳዋ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ግሪክ ሄደው ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ማሽን ላይ ሠሩ። ዓመታት የሰው ፊልም ሲያሳዩ ከቆዩ በኋላ በተዋሱት ካሜራ የራሳቸውን ጀመሩ። ፕሮዲውሰር ኖሯቸው አያውቅም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት ፊልም ሠሩ። አንደኛው ለአንድ ሳምንት ታይቶ ወረደ፤ ይህን ሲነግሩን ይስቁ ነበር። አምስተኛውን በተወለዱበት ከተማ ሊሠሩ መጥተው ሰልፈኞችን አስፈቅደው ሲቀርጹ ተያዙ።

ከሰዓት በኋላ ፊልሞቻቸውን ይተርኩልን ነበር። የሁለተኛውን አልረሳውም። ባሏ ባሕር ላይ የሞተባት ሴት ስታለቅስ ሳያስፈቅዱ ቀርጸዋት ነበር። ፊልሙ ሲታይ ሴትየዋ ከፊት ተቀምጣለች። ለቅሶዋን ስታይ ተነስታ ወጣች። ጋሼ ያን ቦታ ቆርጠው ጣሉት፤ ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ ሰው ቀርጸው አያውቁም።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ ካሜራማን አስከትሎ መጣ። ለቴሌቪዥን ዶክመንተሪ ነው አለ። ተማሪዎቼን ለረብሻ እንዳነሳሳሁ የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ እንዳነበው አዘዘኝ። ካሜራው ወደ ፊቴ ሲዞር ጋሼ ግድግዳ ይዘው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ሄደው መዳፋቸውን ሌንሱ ላይ አደረጉ።

«መጀመሪያ ጠይቀው» አሉት ካሜራማኑን።

አዛዡ እንዲቀመጡ ነገራቸው። አልተቀመጡም። ካሜራማኑ አዛዡን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ «ልቅረጽህ?» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት።

ከታሰርኩ ጀምሮ ብዙ ተጠይቄያለሁ። አይሆንም ብዬ የመለስኩት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካሜራማኑ ካሜራውን አውርዶ ሳይቀርጽ ወጣ። እሳቸውን በባዶ እግራቸው ይዘዋቸው ሄዱ፤ በሳምንቱ ከአገር እንዳስወጧቸው ሰማን። እኔን ሁለት ወር ለብቻዬ አሰሩኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ተሰደድኩ፤ አሁን የምኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ነው። የስኩል ባስ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ዊንተር በበረዶ ምክንያት ስኩል ካንስል ሲደረግ ከልጄ ጋር ቤት ዋልን። ከጋሼ ፊልሞች አንዱን ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ትልቅ ዳይሬክተር ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ ስለ ፊልም ብዙ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጀልባውን ቀለም ሲቀባ ለረጅም ጊዜ ይታያል። ልጄ፣ «ዳድ፣ ናቲንግ ኢዝ ሀፕኒንግ» አለችኝ፤ ምንም የሚሆን ነገር የለም ማለቷ ነው።

«ትንሽ ጠብቂ» አልኳት።

ስልኳን አስቀምጣ ጠበቀች። ሰውየው ቀለሙን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ሁለታችንም እያየን ነበር።