ለአራት ሰው የተመረጠው ጭፈራ

ይህን የምጽፈው አንዲት ባልንጀራችን ያለ ጥፋቷ ከጭፈራ መጉደሏ ተጽፎ እንዲቀር ነው። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በደልን ለመጻፍ ይበቃል።

አምስት ነን። በልጅነታችን አሸንድዬ አብረን የጨፈርን፣ አብረን የተዳርን፣ ጉልበታችንም አብሮ የዛለ። ባለፈው ሐምሌ የከተማው የጭፈራ አሰልጣኝ፣ ልጄ የሚሆን ጎልማሳ፣ ለነሐሴው በዓል አሮጊቶቹም መድረክ ይውጡ ብሎ ጠራን። ሁለት ጭፈራ አቀረበልን። አንዱ የጥንቱ ነው፤ አራት ሰው ይዞራል፣ አምስተኛዋ መካከል ቆማ ከበሮ እየመታች ግጥም ታወጣለች። ሌላው አራት ሰው ብቻ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት እስክስታ የሚወርድበት ነው፤ ከበሮው ከድምፅ ማጉያ ይመጣል።

ከበሮ መቺያችን የዚያን ቀን አልመጣችም። ልጇ ሞቶባት ጥቁር ለብሳለች። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ጥቁሯን በገዛ እጇ አታወልቅም፤ ነውር ነው። ዓመቱ ሲሞላ ባልንጀሮቿ ሄደው ራሷን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ነጭ ያለብሷታል። ከመካከላችን አንዷ፣ መቺያችን ሐዘን ላይ ናት ብላ ለአሰልጣኙ ነገረችው። እሱም "እንግዲያው የአራቱ ይሁን" ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ተቆጣሁ። ጭፈራ ለሰው ይመረጣል እንጂ ሰው ለጭፈራ አይመረጥም አልሁት። ጥቁር የለበሰች እናት መድረክ ላይ ባወጣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። አንዷ ባልንጀራችን ደግሞ፣ ከበሮውን እኔ ልምታው ብል የምጠራው ጅብ ነው አለች። ሳቅን። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

በበዓሉ ቀን ጨፈርን። ትከሻችን አላሳፈረንም፤ ማጉያው ግን ሰው አይጠብቅም። የእሷ ከበሮ ጉልበት ሲደክም አይቶ ረገብ ይል ነበር። ከሕዝቡ መካከል አየኋት። በጥቁሯ እንደ ተቀመጠች ጣቷ ጉልበቷን ይመታል፤ ከማጉያው ዘግይቶ፣ በእኛ እግር ልክ።

ጥፋቱን ሁሉ በአሰልጣኙ ላይ ጥዬ ከረምሁ። መስቀል ሲያልፍ አብረን ሄደን እንክሰሰው ልላት፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ቤቷ ድረስ ወረድሁ። ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ለእኔም ሰፌዱን ጠጋ አደረገችልኝ። ጥቂት አብሬያት ለቀምሁና፣ ጭፈራው በተመረጠበት ቀን ቦታዬ ነው ብለሽ ለምን አልመጣሽም አልኋት።

ቀና አላለችም።

"እቴ፣ ዓመቱ እኮ ሰኔ ላይ ሞልቶ ነበር። የሙት ዓመት ድግስ ስላልደገስሁ ቀኑን ያሰበው የለም። ትመጣላችሁ ብዬ ቅቤውን አስቀምጬ፣ ነጩን አጥቤ ስጠብቃችሁ ከረምሁ።"