የአቶ ሳህሌ ትርንጎ

ኅዳር 21 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሰኞ። በአባቴ ደብተር ከዚህ ቀን ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው። አባቴ አቶ ሳህሌ ቀኑን ጠዋት ይጽፍና የቀረውን ማታ ይሞላ ነበር። የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ልቡ ቆመ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 2003 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ጽፌአለሁ።

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በአብዛኛው ሁለት ነገር ይመዘግባል፦ ማታ ስንት ዲግሪ እንደነበረና የትርንጎ ዛፉ የት እንዳደረ። ከዚያች ሰኞ በቀር የተዘለለ ምሽት አላገኘሁም።

ዛፉ የመጣው በወይዘሮ ገበያነሽ ምክንያት ነው። በ1995 በዲቪ አትላንታ ስንገባ ቻምብሊ ባለው አፓርታማቸው ሦስት ወር አስቀመጡን። ስንወጣ አባቴ፣ «እማማ፣ ይህን ውለታ በምን እንመልሰው?» አላቸው።

«ትርንጎ አምጣልኝ» አሉ። የማይገኝ ነገር መርጠው መቀለዳቸው ነበር። አባቴ ግን ቀልድ አድርጎ አልወሰደውም።

በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ቡፎርድ ሀይዌይ አንድ ገበያ ውስጥ የተጨማደደ ትርንጎ አገኘ። ሊሰጣቸው አፈረና ፍሬዎቹን ዘራ። ደብተሩ «አራት በቀሉ» ይላል፤ እናቴ አምስት ነበሩ ትላለች። የደብተሩን ይዣለሁ። አንዱ ብቻ ተረፈ።

ትርንጎ ከሎሚ ወገን ሁሉ ብርድ የማይችል ነው። አባቴ ኤርፖርት የሆቴል ቫን እየነዳ በየማታው ዛፉ የተተከለበትን ትልቅ እንስራ የሚያህል ማሰሮ አቅፎ ያስገባ፣ በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ ያወጣ ነበር። ሎረንስቪል ቤት ስንገዛ ግን ጋራዥ ተገኘ፤ ማሞቂያ ገዝቶ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ገጠመለት።

የሠራው ስሕተት ከእኛ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። ተሳፋሪ በአሜሪካ ሰዓት ያደርሳል፤ የራሱን ጉዳይ ግን የሚቆጥረው በአገር ቤት ሰዓት ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ብሎ ሁለቱንም ቦታ አሥራ ሁለት ሞላ፣ አንዱን ፒኤም ሌላውን ኤኤም። ማሞቂያው እኩለ ቀን ላይ በርቶ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፋ። የዲሴምበር 1998 አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «19። ጋራዥ። ጥፋቱ የኔ።» በፋራናይት ውኃ በረዶ የሚሆነው በ32 ነው።

ዛፉ እስከ አፈሩ ድረስ ደረቀ። እናቴ፣ «እንግዲህ ጣለው» አለች።

«ሥሩን ማን ጠየቀው?» አላት።

ከመደብር የሚገዛ ዛፍ በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለ ስለሆነ፣ ግንዱ ሲሞት ከሥሩ የሚወጣው ሌላ ነው። የእሱ ከዘር የበቀለ ነበርና በማርች ከአፈር ብቅ ያለው ቀንበጥ ያው ትርንጎ ሆነ።

በጃንዋሪ 2000 በረዶ ሽቦ በጥሶ ሰፈራችን ሦስት ቀን ያለ መብራት ቀረ። አባቴ ዛፉን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ኖርክሮስ መብራት ያልጠፋበት የልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ ወሰደው። እዚያ የምትሠራው እታገኝ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ «ሳህሌ፣ ዛፍ ዋሽ አናደርግም እኮ» አለችው።

«ድራይ ብቻ ነው።»

«ሎው ሂት ላይ?»

ዛፉ ሦስት ቀን ማድረቂያዎቹ አጠገብ ቆመ።

እማማ ገበያነሽ በየፋሲካው፣ «ትርንጎዬስ?» ይሉታል።

«እያደገ ነው።»

«እሱ ሲያድግ እኔ እያጠርኩ ነው። ፍጠን።»

በ2003 ፀደይ ዛፉ ሳሎን ውስጥ አበበ። ቤት ውስጥ ንብ ስለሌለ አባቴ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አበባ ለአበባ ይነካካ ጀመር። ሦስት ፍሬ ያዘ፤ ሁለቱ ረገፉ። በጁላይ እማማ ገበያነሽ ኩላሊታቸው ደክሞ አልጋ ያዙ፤ ምግብ ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል አሉ። ከዚያ ወዲህ የደብተሩ መስመሮች አንዲት ቃል ጨመሩ፦ «አረንጓዴ»። ኅዳር 20፦ «41። ሳሎን። ቢጫ።»

በማግሥቱ፣ ቦታው ባዶ በቀረበት ሰኞ፣ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ፍሬውን በመቀስ ሁለት ቅጠል አስቀርቶ ቆረጠውና ቻምብሊ ሄደ። የሚከተለውን የነገሩኝ እማማ ገበያነሽ ራሳቸው ናቸው።

«ልቁረጥልዎ?» አላቸው።

«ተው፣ መጀመሪያ ላሽትተው።» ብዙ ቆዩ። «በል እንግዲህ።»

ነጩን በስሱ ቆራርጦ ሰጣቸው። አራት ቁራጭ በሉ፤ እሱ አንድ። ቢላዋውን አጥቦ ቦታው መለሰ። ሲወጣ በሩ አጠገብ የነበረውን የቆሻሻ ከረጢት አንሥቶ ወረደ። እማማ በመስኮት አዩት፤ ጋርቤጅ ውስጥ ጣለው፣ ክዳኑንም ከደነው።