ምንም አልጎደለንም

ምንይሉን የሚያውቅ ሁሉ ስለ እሱ የሚለው አንድ ነው፤ «ሰው አያስቀይምም»። እውነት ነው፣ አያስቀይምም። ምነው ትንሽ ባስቀየመ ኖሮ!

የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው። ደሴ ተምሮ፣ ደሴ አስተምሮ፣ ደሴ ትዳር ይዞ ሸበተ። ጡረታው ሲቃረብ አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ የኮምቦልቻ ማዕከሉ አስተባባሪ አደረገው። ማዕከል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ የግል ትምህርት ቤት የተከራዩት ጠባብ ቢሮ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁለት መማሪያ ክፍል ይጨመርበታል። ተማሪዎቹ በሥራ የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከደሴ ዙሪያ የሚወርዱ የገጠር አስተማሪዎች፣ አንድ ቄስም አሉበት። ምንይሉ በየጠዋቱ ሚኒባስ ይሳፈርና በሐረጎ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ሰላም የማይለው ሰው የለም።

የአመራር ዘዴው በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ችግር የለም»። ሞጁል ዘገየ? ችግር የለም፣ መንገድ ላይ ነው። የተማሪ ውጤት ጠፋ? ችግር የለም፣ ይፈለጋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎ «ማዕከሉ እንዴት ነው?» ሲባልም ያው ነው፣ ችግር የለም። ተማሪውንም አለቃውንም በአንድ አፍ ያስደስታል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ ኃላፊ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል።

ዘንድሮ ጉዱ የፈላው በኮስት አካውንቲንግ ነው፤ የማምረቻ ወጪ እንዴት እንደሚሰላ የሚያስተምረው ኮርስ። አዲስ ሞጁል ታትሟል ተባለ፣ ኮምቦልቻ ግን አልደረሰም። ሊመረቁ የተቃረቡት ተማሪዎች ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ አሮጌ ሞጁል እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ እሱም ከግማሹ በኋላ ተገንጥሎ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ እየመጣ ኮርሱን ያስረዳቸው የነበረው ጸጋውም ቀስ በቀስ ቀረ። መጀመሪያ ልጄን አመመው አለ፣ ቀጥሎ መኪና አጣሁ አለ፣ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው።

ሌላ አስተባባሪ ቢሆን «ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?» ይለው ነበር። ምንይሉ ግን እንዴት ብሎ! ጸጋው አበልጁ ነው፤ የምንይሉን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጁን የተቆጣ ሰው በኋላ በየትኛው ፊቱ ማኅበር ሊቀመጥ ነው? አንድ ቀን እንደምንም ጨክኖ ጸጋው ቤት ሄደ። ምሳ ቀረበለት፣ ልጆቹ ጉልበቱን ሳሙት። ጸጋው «ምነው በደህና?» ሲለው «ኧረ እንዲያው ናፍቃችሁኝ ነው» ብሎ መርቋቸው ወጣ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቹ ስንቴ ተርቶላቸዋል መሰላችሁ! በራሱ ሲደርስ ጠፋው።

ከተመራቂዎቹ ሁሉ ነገሩ የጤናዋ ጉዳይ የሆነባት ከይሪያ ናት። ከገራዶ ወጣ ብሎ ካለ መንደር መጥታ አንድ የክር ፋብሪካ መፍተያ ክፍል የገባችው ገና ልጅ ሳለች ነው። የጥጡ ብናኝ ደረቷን ይዞት ዛሬ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ «ከዚህ ክፍል ካልወጣሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም» ብሏታል። እንዳጋጣሚ ፋብሪካው የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ከውስጥ ሊያሳድግ ማስታወቂያ ለጥፏል። የሚፈለገው ዲግሪ ነው፤ ለዲግሪዋ የቀራት ደግሞ ያው አንዱ ኮርስ ነው። ካለፈች ከብናኙ ወጥታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከወደቀች ቦታውን ሌላ ይይዘዋል፣ እሷም እዚያው ትቀራለች። ይህን ሁሉ ለምንይሉ ነግራዋለች።

«ጋሼ፣ ሞጁሉ መቼ ይደርስ ይሆን?» ትለዋለች ከሥራ ወጥታ በዚያው ስታልፍ፣ ሻሿ ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ።

«ችግር የለም ከይሪያ፣ መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲያ አላህ ያድርሰው» ትልና ትሄዳለች። እሱም እስክትርቅ አይቷት ወደ ቢሮው ይገባል።

ፈተናው ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የማዕከላት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰርካዲስ ወደ ሰሜን ትወጣለች፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ትደርሳለች ተባለ። ለምን እንደምትመጣ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ደካማ ማዕከላት ሊዘጉ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ምንይሉ ወሬውንና ጉብኝቱን አንድ ላይ ገጣጠመና እንቅልፍ አጣ። በዚህ ዕድሜው «ማዕከል አዘግቶ ተባረረ» ሊባል ነው? የኩታበር ዘመድ ምን ይለዋል? የደሴስ ሰው?

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳዋ ሳትደርስ ተመራቂዎቹን ሰበሰበ። ሊያዛቸው አስቦ ነበር፤ ሲቆም ግን የወጣው ልመና ነው።

«ልጆቼ፣ የቤታችንን ነገር እኛው እናውቀዋለን» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ሞጁሉንም አስተማሪውንም እኔ አመጣላችኋለሁ። ዛሬ ግን በእንግዳ ፊት ገመናዬን ሸፍኑልኝ።»

እንዲህ ተብሎ ተለምኖ ወሎዬ እምቢታን ከየት ያመጣል? ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ አድረው እንኳ እንግዳ ከገባ ይሳሳቃሉ። በዚያ ላይ ምንይሉ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። የከይሪያ አባት የሞቱ ጊዜ ከቀብር ማኅበሩ፣ ከቅሬው ሰዎች ጋር የመንደሯን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ አብሮ ቀብሮ፣ ቤተሰቡን ሲያጽናና ነው የዋለው። እሷ ይህን አልረሳችም። ሁሉም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቄስ ገብረ ማርያም ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አቶ ምንይሉ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል እኮ» አሉ። ቢሆንም ቀና ብለው ፊቱን ሲያዩት አሳዘናቸውና ነገሩን ተዉት።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ፈጠን ያለች፣ ዙሪያ ጥምጥም የማትወድ ሴት ናት። ገብታ ሰላምታ ሰጠችና ቀጥታ ጠየቀች።

«ሞጁል ሁሉም ደርሷችኋል?»

ዓይኗ ቄሱ ላይ አረፈ። «አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቄስ ገብረ ማርያም። ውሸት ነው አይባል፣ እውነት ነው አይባል። ቄስነት እንዲህ ባለ ሰዓት ይጠቅማል።

ሰርካዲስ ግን ምስጋና ፍለጋ አልመጣችም። ወደ ከይሪያ ዞረች። «አንቺስ እህቴ? ሞጁሉ ደርሶሻል? አስተማሪስ ይመጣላችኋል? ሳትፈሪ ንገሪኝ።»

ከይሪያ ምንይሉን አየችው። ምንይሉ መሬት መሬቱን ያያል፤ ከጆሮው ጀርባ ላብ ይወርዳል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ «ምንም አልጎደለንም።» ወዲያው ሳል ያዛት።

ከሷ በኋላ የተጠየቀው ሁሉ ያንኑ ደገመ። ሰርካዲስ ደስ አላት፤ «ጎበዞች!» ብላ አመስግና ወጣች። ምንይሉ ሊሸኛት ተከተለ። እውነት ለመናገር ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። ሾፌሩ ቦርሳዋን ሊያስቀምጥ የመኪናውን የኋላ በር ሲከፍት ግን ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች ታዩት። በጎናቸው በወፍራም ቀለም «ኮስት አካውንቲንግ» ተብሎ ተጽፏል።

«እኔስ ኮምቦልቻ ተቸግሯል ብዬ ነበር» አለች ሰርካዲስ። «ሞጁሉን ይዤ የመጣሁት ለእናንተ ነው። አስተማሪ ከጎደላችሁም ሰው መድቤ፣ ፈተናውንም ትንሽ ገፋ አድርጌላችሁ ልሄድ ነበር። ካልጎደላችሁማ ወልድያ እወስደዋለሁ፤ የዚያ አስተባባሪ ስልኬን አላስቀምጥ ብሎኛል።» ከዚያ ቆም ብላ አየችው። «እርግጠኛ ነዎት አቶ ምንይሉ? አንዱን ካርቶን ላስቀርልዎት?»

ሰዓቱ ያ ነበር። «ያስቀሩልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ወይኔ! ለምንይሉ ግን ከበደው። ያስቀሩልኝ ካለ አሁን ውስጥ የተባለው ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ቄሱ ሊያፍሩ ነው፣ ያቺ ልጅ ልታፍር ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ራሱ ሊያፍር ነው። ለሌላው እያሰበ መሰለው እንጂ ያሰበው ለራሱ ፊት ነበር።

«ኧረ ችግር የለም» አለ። «ምንም አልጎደለንም።»

በሩ ተዘጋ። መኪናው ወደ ደሴ መውጫ ታጠፈና ሄደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ምንይሉ ዞር ሲል ከይሪያ ግቢው በር ላይ ቆማለች። ካርቶኖቹን አይታለች፤ የተጻፈባቸውንም አንብባለች። ዞራ ወደ ክፍል ተመለሰች። ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ!

በማግሥቱ ለሰርካዲስ ደወለና ስልኩ መጥራት ሲጀምር ዘጋው። ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ ዘጋው። ራሷ መልሳ ስትደውልለት «በስሕተት ነክቼው ነው፣ ይቅርታ» አላት። በቃ፣ ይቅርታውን ለዚህ አዋለው። ሚስቱ የኔነሽ «ምን ሆነህ ነው ምግብ የዘጋህ?» ብላ ብትወተውተው ጨጓራዬ ነው አለ። በልቡ ግን ራሱን ይረግማል። ያፍራል። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲስቅ በሱ የሚስቅ እየመሰለው አንገቱን ይደፋል።

ፈተናው በቀኑ መጣ። የጥያቄው አብዛኛው የወጣው ከተገነጠለው ግማሽ ነው። ከይሪያ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ እስከ መጨረሻው ደወል ተቀመጠች። ሌሎቹ ቀድመዋት ወጥተው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ወድቀዋል፤ እሷም ወደቀች። ኮርሱን በሚቀጥለው ጊዜ ደግመው መውሰድ ይችላሉ ተባለ። ለሌሎቹ መልካም፤ የፋብሪካው ሂሳብ ክፍል ግን የሚቀጥለውን ጊዜ አይጠብቅም። ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ምንይሉ በፋብሪካው በር ማለፍ ተወ። ሚኒባሱ በዚያ በኩል ከሆነ ቀድሞ ይወርድና በጓሮ መንገድ ዞሮ ቢሮው ይገባል። በመጨረሻ ግን ለራሱም ሰለቸው። አንድ ቀን «ዛሬስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» ብሎ ከደሴ ተነሣ። ሐረጎን ሲወርድ ቃሉን በልቡ ይለማመዳል። «ከይሪያ፣ በድዬሻለሁ። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ።» ይቺን ያህል ነው። አሥሬ ደጋገማት፣ ጥሩ አድርጎ በቃሉ ያዛት።

የሺፍት መለወጫ ሰዓት ነበር። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀ። ከይሪያ ወደ ሥራ ልትገባ ከጓደኞቿ ጋር ስትመጣ አየችውና ተለይታ ወደሱ መጣች። ከስታለች። እሱ አፉን ከመክፈቱ እሷ ጎንበስ ብላ እጁን ያዘች።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! እኔም ልመጣ እያሰብኩ ፊት አጣሁ።»

«ከይሪያ፣ እኔ...»

«አይ፣ እኔ ልናገር። ወላሂ እንቅልፍ ነው ያጣሁት» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያ ካርቶን የሄደው በኔ አፍ ነው። ሳትፈሪ ንገሪኝ እያለችኝ ምንም አልጎደለንም ያልኩ እኔ ነኝ። እኔ እንደዚያ ካልኩ በኋላማ እርስዎ ምን ይበሉ? እኔን ላለማዋረድ ብለው እኮ ነው። ጓደኞቼን አስወደቅኋቸው፣ የማዕከሉንም ስም አጠፋሁብዎ። ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ።»

የምንይሉ ጥፋት በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ፣ ጎብጦ፣ ከፊቱ ቆሞ ይቅርታ ይለምነዋል። ያን ሁሉ መንገድ የተለማመደው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። በድዬሻለሁ። አንቺ አይደለሽም። መጣና እዚያው ቆመ። ሠራተኛው በግራ በቀኝ ያልፋል፣ አንዳንዱም ዞር እያለ ያያቸዋል። የፋብሪካው ደወል ጮኸ። ልጅቷ መልሱን እየጠበቀች ነው። አፉ ተከፈተና የለመደውን አወጣ።

«ችግር የለም» አላት።

ከይሪያ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ትንፋሹ መሐል ላይ በሳል ተቆረጠ። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ገላገሉኝ» አለችው። ሻሿን አፍና አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረችና ጓደኞቿን ለመድረስ ፈጠን ብላ ወደ መፍተያ ክፍሉ ገባች።